የሱዳን ጦርነትና የጎረቤቶች ሚዛን፦ ከመተማ እስከ እህል በረንዳ

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው እህል በረንዳ የአገሪቱ የእህል ዋጋ ከሚቆረጥባቸው ስፍራዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ከጎጃም የሚመጣው ጤፍ፣ ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው ስንዴ፣ ከወለጋ የሚጫነው በቆሎ፣ ከቆላው የሚወጣው ማሽላ በኩንታል እየተመዘነ እዚህ ገዥ ያገኛል። ዋጋው የሚወሰነው ግን እህሉን በመዳፍ ዘግኖ ጥራቱን በማየት ብቻ አይደለም። ነጋዴውም ደላላውም አስቀድመው የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ። የትኛው መንገድ ክፍት ነው? የጭነት ሂሳብ ስንት ገባ? የወሰኑ አካባቢስ እንዴት ሰነበተ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። በዚያ ዕለት በካርቱም የተከፈተው ጦርነት የሁለት ጄኔራሎች የሥልጣን ፉክክር ሆኖ ጀመረ። ዛሬ ግን በዙሪያው ያሉ አገሮች የየራሳቸውን ውኃ፣ ወርቅ፣ ወደብ፣ ነዳጅና መሬት እያሰቡ የሚመዝኑት ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። የልብ ወዳጅ የሚባሉ መንግሥታት በዚህ ጦርነት ተቃራኒ ወገን ይዘዋል፤ የትናንት ተቀናቃኞችም አንዱን ወገን በጋራ ሲደግፉ ታይተዋል። ለመተማ ሰሊጥ አምራች፣ ለጎንደር ነጋዴና ለአዲስ አበባ ሸማች ማን ያሸንፋል የሚለው ብቻውን በቂ ጥያቄ አይደለም። የጎረቤቶች ጥቅም የተጠላለፈበት ጦርነት በረዘመ ቁጥር ሂሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ይበልጥ ያሳስባል።

ተባባሪዎች የነበሩ ተፋላሚዎች

የሱዳን ጦር አዛዥ ጄኔራል አብዱልፈታህ አልቡርሃንና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሪ ጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ ከመፋለማቸው በፊት የሥልጣን ተጋሪዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወገዱ ሁለቱም በወታደራዊው ምክር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የሽግግሩን የሲቪል አስተዳደር ሲያፈርሱም አብረው ነበሩ። ያጣላቸው ፈጥኖ ደራሹ በስንት ዓመት ውስጥ ወደ መደበኛው ጦር ይቀላቀል፣ እስከዚያውስ በማን ይታዘዝ የሚለው ጉዳይ ነው። እርስ በርስ በሚፈላለጉበት ጊዜ የተመሠረተው ጥምረት ሥልጣን መካፈል ግድ ሲሆን ፈረሰ።

የጦርነቱ ግንባር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። ከካርቱም በስተደቡብ የሚገኘውና በትልቁ የመስኖ እርሻው የሚታወቀው የገዚራ ግዛት ዋና ከተማ ዋድ መዳኒ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገባ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ጦሩ መልሶ ያዘው። ካርቱምም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወደ ጦሩ ተመለሰች። በአንጻሩ በዳርፉር የጦሩ የመጨረሻ ዋና ይዞታ የነበረችው አልፋሽር ከረጅም ከበባ በኋላ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ ተያዘች። በዚህ ሁሉ መካከል ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ከዚህም ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ድንበር ተሻግሯል። በአልፋሽር አቅራቢያ በሚገኘው የዛምዛም የተፈናቃዮች መጠለያ ረኀብ መግባቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በይፋ ተረጋግጧል። ሰፊ የእርሻ መሬት ያላት አገር የገዛ ሕዝቧን መመገብ አቅቷታል።

እያንዳንዱ ጎረቤት የሚመዝነው

ግብፅ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከመደበኛው ጦር ጎን ቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ደራሹ በሰሜን ሱዳን የመረዌን የአውሮፕላን ማረፊያ ሲይዝ በዚያ የነበሩ የግብፅ ወታደሮችን ማርኮ ነበር፤ ይህም የሁለቱን ጦሮች ቅርበት ለዓለም አሳይቷል። ከቅርበቱ በስተጀርባ የዓባይ ውኃ አለ። ግብፅና ሱዳን በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተፈራረሙት ውል ውኃውን ለሁለት ሲከፋፈሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ደርሷል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ግን አልተካተቱም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ካይሮ በካርቱም ለውኃ አቋሟ የሚመች መንግሥት እንዲኖር ያላት ፍላጎት አልቀነሰም።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ ፈጥኖ ደራሹን ታስታጥቃለች በሚል ትከሰሳለች። ክሱን በተደጋጋሚ አስተባብላለች። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በቻዷ አምጃራስ በኩል የጦር መሣሪያ ይገባል የሚለውን ውንጀላ ተአማኒ ብሎታል። ሱዳን ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ብትወስደውም፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንደሌለው ገልጾ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. መዝገቡን ዘጋ። በማግሥቱ በፖርት ሱዳን የተቀመጠው መንግሥት ከኤምሬቶች ጋር የነበረውን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠ። ሆኖም የሱዳን ወርቅ ዋነኛ መዳረሻ ዱባይ ሆና ቆይታለች። በቀይ ባሕር ዳርቻ በአቡ አማማ ወደብና የእርሻ ልማት ለመገንባት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የ6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነትም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሱዳን ተሰርዟል።

የወዳጅነት መወጠር ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ኤምሬቶች በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በራስ አልሂክማ ላይ ለሚካሄድ ልማት የ35 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከግብፅ ጋር አድርጋ፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ተጨንቆ የነበረውን የካይሮን ኢኮኖሚ ታድጋለች። በሱዳን ጉዳይ ግን ሁለቱ በተቃራኒ ወገን ይታያሉ። ግብፅ በሱዳን የምትፈልገውን ለማግኘት ገንዘብ የሰጣትን ወዳጅ ማስቀየም አትፈልግም፤ ኤምሬቶችም በካይሮ ያፈሰሰችው ገንዘብ በካርቱም ጉዳይ ሐሳቧን አላስለወጣትም። መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬቶችና ግብፅ በጋራ ባወጡት መግለጫ የተኩስ ማቆም ጥሪ አቅርበው ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም በአንድ ሐሳብ መስማማት አለመሆኑን ከዚያ በኋላ የቀጠለው ውጊያ አሳይቷል።

በምዕራብ በኩል ቻድ እጅግ ብዙ ስደተኛ ተቀብላለች። የንጃሜና መንግሥት ከአቡ ዳቢ ብድርና ድጋፍ ያገኛል። በሌላ በኩል በቻድ ጦርና ፖለቲካ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላቸው የዛጋዋ ተወላጆች በዳርፉር ያሉ ወገኖቻቸው በፈጥኖ ደራሹ ሲጠቁ ያያሉ። መንግሥቱ ከአበዳሪው ወዳጅና ከገዛ ሹማምንቱ ቅሬታ መካከል ተወጥሯል።

ደቡብ ሱዳን ደግሞ ለየትኛውም ወገን ጀርባዋን መስጠት አትችልም። የመንግሥቷ ገቢ በአብዛኛው ከነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ወደ ባሕር የሚደርሰው ሁለቱ ተፋላሚዎች በሚቆጣጠሯቸው አካባቢዎች አልፎ በፖርት ሱዳን በኩል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከዋናዎቹ ቧንቧዎች አንዱ በጦርነቱ ቀጠና ሲበላሽ ለመጠገን የሚደርስለት አልነበረም፤ ጁባም ለወራት ከፍተኛ ገቢዋን አጣች። ለእርሷ ገለልተኝነት የሕልውና ጉዳይ ነው።

ኤርትራ ለሱዳን ጦር ቅርብ ናት። ምሥራቅ ሱዳን በፈጥኖ ደራሹ እጅ ቢወድቅ በምዕራብ ወሰኗ የማታውቀው ኃይል እንደሚሰፍር ታሰላለች። ከኢትዮጵያ ጋር በ2010 ዓ.ም. የታደሰው ግንኙነቷ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ መሻከሩም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተገናኝተው ትብብራቸውን ሲያጠናክሩ፣ የሱዳን ጦርነት ከዓባይና ከቀይ ባሕር ፉክክር ጋር የተሳሰረ መሆኑ ይበልጥ ታየ።

የኬንያ ጉዳይ ለገበሬ በቀላሉ የሚገባ ትምህርት ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ፈጥኖ ደራሹና አጋሮቹ ትይዩ መንግሥት ለመመሥረት የሚያስችላቸውን ሰነድ በናይሮቢ ፈረሙ። የፖርት ሱዳኑ መንግሥት ተቆጥቶ አምባሳደሩን ጠራ፤ በመጋቢት ደግሞ የኬንያ ሻይ ወደ ሱዳን እንዳይገባ አገደ። ሱዳን ከኬንያ ሻይ ታላላቅ ገዥዎች አንዷ ነበረች። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተፈረመ ሰነድ ምክንያት በተራራ ላይ ቅጠል የሚቀጥፈው ገበሬ በሳምንታት ውስጥ ገበያ አጣ። ፊርማው ሲፈረም ግን ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሁለት በር የምታንኳኳው አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ በሱዳን ጉዳይ ያላት ስፍራ ባለፉት ዓመታት በእጅጉ ተለዋውጧል። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ካርቱም ተጉዘው ወታደሮቹንና ሲቪሎቹን ለማቀራረብ ሞክረዋል። ልዩ መልእክተኛቸው አምባሳደር ማሕሙድ ድሪርም ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ሆነው ድርድሩን መርተው፣ ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሥልጣን ክፍፍሉ ሰነድ ተፈርሟል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኗት ሽማግሌ ነበረች።

አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈ መተማመኑ ተናጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲቀሰቀስ የሱዳን ጦር በተከዜና በአትባራ ወንዞች መካከል ወዳለው የአልፋሽቃ ለም መሬት ገባ፤ በዚያ ሲያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችም ተፈናቀሉ። የወሰኑ ጉዳይ ሥሩ ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተፈራረሙት ውል ይመዘዛል። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዙ መኰንን ሻለቃ ጉዊን ያሰመረው መስመር የኢትዮጵያ ተወካይ ያልተገኘበት ነው በሚል ሲያከራክር ኖሯል። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በተለዋወጡት ማስታወሻ ጉዳዩ በድርድር እስኪቋጭ ነባሩ ይዞታ እንዲጠበቅ መግባባታቸው ለዐሥርት ዓመታት ገበሬውን በሰላም አሳርሶታል። በአብዬ ግዛት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታትን የሰላም አስከባሪነት ግዳጅ ሲወጣ የነበረው የኢትዮጵያ ጦርም በሱዳን ጥያቄ መነሻ በሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተካ።

ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ በኋላ አዲስ አበባ ሁለቱንም በር ማንኳኳትን መርጣለች። ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢጋድ አራት አገሮች ስብሰባ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የሱዳን ጦር በኬንያ ሰብሳቢነት ላይ ቅሬታ አቅርቦ ሳይገኝ ቀረ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጄኔራል ዳጋሎ አዲስ አበባ ገብተው ነበር፤ በዚያው ወር 23ኛ ቀን ከሲቪል ፖለቲከኞች ስብስብ ጋር የአዲስ አበባን መግለጫ ፈረሙ። ኢጋድ ጄኔራሉን በኡጋንዳ ወደተጠራው ስብሰባ በመጋበዙም ፖርት ሱዳን ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. አባልነቷን አገደች። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፖርት ሱዳን ወርደው ከጄኔራል አልቡርሃን ጋር ተነጋግረዋል።

ይህ አካሄድ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ከሱዳን ጋር ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ወሰን ትጋራለች፤ ገዳሪፍ በጦሩ እጅ ነው፤ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚያዋስነው አካባቢ ደግሞ የውጊያ ቀጠና ነው። ከኤምሬቶች ጋር ያላት የኢኮኖሚ ወዳጅነትም ጠንካራ ነው፤ ግድቧም ከወሰኑ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ይገኛል። አንዱን ወገን ሙሉ በሙሉ መምረጥ ሌላውን በወሰን ላይ ጠላት ማድረግ ነው። ሁለት በር የማንኳኳት ዕዳው ግን ከሁለቱም ዘንድ ጥርጣሬ ማትረፉ ነው። ለኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ፈተናው ጥርጣሬው ወደ ወሰኑ ወርዶ መንገድ እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው።

መተማ ያየችው የቀድሞ ውል

የጎረቤት ጦርነት የገባው ሦስተኛ ወገን ቃሉን ሲያጥፍ ምን እንደሚከተል መተማ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ እንግሊዝና ግብፅ በዐድዋ በተፈራረሙት፣ በእንግሊዙ መልእክተኛ ስም የሂወት ውል በሚባለው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ በመሐዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ጦር ሰፈሮች በግዛቷ በኩል ለማስወጣት ተስማማች። በምላሹ የቦጎስ ግዛት ሊመለስላትና በምጽዋ ወደብ ዕቃዋ በነጻ ሊያልፍላት ቃል ተገባ። ኢትዮጵያ ድርሻዋን ተወጣች። ራስ አሉላ በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው አሸነፉ። ምጽዋ ግን ከዚያ ወራት አስቀድሞ፣ በ1877 ዓ.ም. በእንግሊዝ ይሁንታ በጣሊያን እጅ ገብታ ነበር።

ኢትዮጵያ ለሌሎች ጥቅም የገጠመችው ጎረቤት በቀሉን መለሰ። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። በዚያው ዘመን በከብት ዕልቂት የተጀመረው ክፉ ቀን አገሪቱን ሲመታ በጦር የደከመው ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ብርቱ ጉዳት ደርሶበታል። ዘመኑ ተለውጧል፤ መሐዲስትም እንግሊዝም በስፍራው የሉም። ትምህርቱ ግን አልተሻረም። የሩቅ ኃይል ውል አፍርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ጎረቤት ግን ከወሰኑ ማዶ እንዳለ ይቀራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ለመንግሥታትም ይሠራል።

ጦርነቱ ወደ ኩንታሉ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ዋና እርሻ ነው። ከወሰኑ ወዲህ ያለው የመተማ፣ የቋራና የሑመራ ቆላም የሚያበቅለው ተመሳሳይ ሰብል ነው። ሁለቱ አካባቢዎች ዝናብ፣ ጉልበት፣ ነጋዴና ገበያ ሲጋሩ ኖረዋል። በአንዱ ወገን የደረሰ መናጋት ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው መንገዶች ቢያንስ አራት ናቸው።

አንደኛው ጉልበት ነው። ሰሊጥ ደርሶ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በመተማም በገዳሪፍም ይሠራ ነበር። ወሰኑ ሲጠብቅ ሠራተኛው ወዲህ ማዶ ይቀራል፤ ከጎንደር እስከ መተማ ባለው መንገድ የጸጥታ ችግርና እገታ ሲበረታ ደግሞ ወደ ቆላው መውረዱንም ይፈራል። ያኔ የአጨዳው ደመወዝ ይንራል፤ ባለ እርሻውም ወይ በኪሳራ ያሳጭዳል፣ ወይ ሰሊጡን መሬት ላይ ያፈሰዋል።

ሁለተኛው የማሽላ ዋጋ ነው። እህል ዋጋው ወዳየለበት ይሄዳል። ገዳሪፍና ገዚራ በቂ ካላመረቱ በሱዳን በኩል የሚከፈለው ዋጋ ማሽላውን በሌሊትም በጫካም ወደዚያ ይስበዋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ እዚሁ ተከማችቶ የአምራቹ ዋጋ ይወድቃል። በሁለቱም መንገድ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ጭነት መጠኑ ይዋዥቃል። በከተማ ጤፍ ሲወደድ በማሽላ ቀላቅሎ የሚጋግረው ቤተሰብ ይህን መዋዠቅ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ አገሪቱ ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው ዋና ዋና የግብርና ምርቶች አንዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚያገበያያቸው ምርቶች መካከልም ግንባር ቀደም ነው። በሱዳን የሚመረተው ሰሊጥ በጦርነቱ ሲቀንስ የዓለም ዋጋ ለኢትዮጵያ አምራች ሊጠቅም ይችል ነበር። ዕድሉ የሚሠራው ግን ምርቱ ታጭዶ፣ ተጭኖ መጋዘን ከደረሰ ነው። ካልደረሰ የሚጎድለው ዶላር የማዳበሪያና የነዳጅ መግዣ ነው። ሰሊጥ ዘርቶ የማያውቀው የጎጃም ጤፍ አምራች ጭምር የመተማ መንገድ መዘጋት የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው።

አራተኛው ወሬ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ባጠኑበት ሥራቸው፣ በአዲስ አበባ ገበያ ያሉ ደላሎች በሩቅ ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዥ አምኖ እንዲሸጥ የሚያስችሉ የመረጃና የመተማመን ድልድዮች መሆናቸውን አሳይተዋል። ድልድዩ የሚሸከመው እውነተኛ ወሬን ብቻ አይደለም። ስለ ወሰን መዘጋት፣ ስለ ጦር መንቀሳቀስ የሚነዛ ያልተጣራ ወሬም በእህል በረንዳ ውስጥ ዋጋ አለው። ነጋዴ መጋዘኑን ይዘጋል፤ ገበሬ ይሸጥልኝ ወይስ ይቆይልኝ ብሎ ያመነታል፤ ሸማች ከሚያስፈልገው በላይ ይገዛል። ጥይት ሳይተኮስ ዋጋ ይንራል።

እህልና ወዳጅነት በሌላውም ዓለም

የእህል ዋጋ ወዳጅነትን የሚፈትነው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ አይደለም። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ፖላንድ ለኪየቭ ከሁሉ ቀድማ የደረሰች ጎረቤት ነበረች፤ ሚሊዮኖችን ተቀበለች፣ መሣሪያም አቀበለች። ነገር ግን የጥቁር ባሕር መንገድ ተዘግቶ የዩክሬን እህል በየብስ ወደ ጎረቤቶቿ ሲጎርፍ የፖላንድ ገበሬዎች ዋጋችን ወደቀ ብለው በትራክተር መንገድ ዘጉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ የሱዳን ጦርነት በተጀመረበት በዚያው ሰሞን፣ የዋርሶ መንግሥት የዩክሬን እህል እንዳይገባ አገደ፤ ሃንጋሪና ስሎቫኪያም ተከተሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩክሬን ሦስቱን ጎረቤቶቿን በዓለም የንግድ ድርጅት ከሰሰች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፖላንድ ገበሬ ድምፁን የሚያሰማበት ማኅበርና የሚፈራ መንግሥት ስላለው ቅሬታው ወደ ውሳኔ ተለወጠ። በመተማና በገዳሪፍ ግን ገበሬው በጥምረቶቹ ድርድር ውስጥ ወንበር የለውም። ከጂዳ እስከ ዋሽንግተን ስለ ሱዳን የተካሄዱት ንግግሮች ስለ ጦር አሰላለፍና ስለ ሰብዓዊ ዕርዳታ መተላለፊያ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ወቅታዊ ሠራተኛ መሻገሪያ፣ ስለ ጭነት መኪናና ስለ ወሰን እርሻ የተባለው ግን ጥቂት ነው።

የወዳጅነት መለኪያው

ከላይ ከታየው የጎረቤቶች ሚዛን አንድ ነገር ይወጣል። በሱዳን ጦርነት የተሰለፉት አገሮች ወዳጅነታቸው በእምነት ወይም በታሪክ ብቻ አልጸናም፤ ውኃው፣ ወርቁ፣ ቧንቧውና ወደቡ በሚጠይቀው ልክ ይለመጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያም ወዳጅነት ከማን ጋር ነው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ለማን ይጠቅማል የሚለው መቅደም አለበት። ለዚህ መለኪያ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች በሚቀጥሉት ወራት መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የመተማና የገላባት መሸጋገሪያ ነው። ተፋላሚዎቹ ማንኛውንም ስምምነት ቢፈርሙ፣ የወሰን ንግድና የወቅታዊ ሠራተኛ እንቅስቃሴ በስምምነቱ ውስጥ በስሙ ካልተጠቀሰ ለወሰኑ ገበሬ ሰላም ወረደ ማለት አይቻልም። ሁለተኛው የአልፋሽቃ ጉዳይ ነው። ሱዳን በጦርነት ላይ ሳለች መሬቱን በኃይል ለማስመለስ መሞከር ነገ የሚከፈል ዕዳ መጫን ነው፤ ጉዳዩን ችላ ማለትም ገበሬውን መርሳት ነው። የጋራ የድንበር ኮሚቴው ሥራ እንዲቀጥልና እስከዚያው ነባሩ አራሽ የሚያርስበት ግልጽ አሠራር እንዲኖር መጠየቅ ግን በሁለቱም በር ማንኳኳት ያተረፈውን መደማመጥ በአግባቡ መጠቀም ነው። ሦስተኛው የገዛ አገር መንገድ ነው። ከመተማ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም እስከ መሐል አገር ያለው መንገድ በራስ ወገን ግጭት እየተዘጋ የጎረቤትን በር ብቻ መክፈት ሰሊጡን መጋዘን አያደርሰውም።

አምራቹም የመንግሥታቱን ስምምነት እስኪያይ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። መሬቱን ሁሉ አንድ በር ለሚጠብቅ አንድ ሰብል አለመስጠት፣ ሰሊጡን ከማሽላና ከማሾ ጋር ማፈራረቅ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት የአጨዳ ጉልበትና መጋዘን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ዋጋ ሲጠይቅም ከአንድ ደላላ አፍ ብቻ ሳይሆን ከምርት ገበያው ዕለታዊ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ከእጁ ያልወጡ ጉዳዮች ናቸው።

የካይሮ፣ የአቡ ዳቢ፣ የአስመራና የናይሮቢ ስሌት ነገ እንደገና ሊለወጥ ይችላል፤ በጦርነቱ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧልና። የማይለወጠው ገዳሪፍና መተማ በአንድ ዝናብ የሚያርሱ መሆናቸው ነው። የትኛውም ጥምረት መልካም ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በመግለጫ ወረቀት ላይ አይገኝም። በጥቅምት አጨዳ ወቅት ስንት ሠራተኛ በሰላም ወርዶ ተመለሰ፣ ስንት ኩንታል ሳይረግፍ ተሰበሰበ፣ ስንት መኪናስ ሳይታገት አለፈ ተብሎ ሲቆጠር ይታወቃል።